ጎልደን ሪትሪቨር የግቢ ውሻ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጇ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን ካለፈ ጎልደን ሪትሪቨር ቡችላ ልትገዛለት ቃል መግባቷን ነገረችኝ። ሻጩ ያለው አዲስ አበባ ነው። ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ፤ ወርቃማ ጸጉር፣ ጥቁር አፍንጫ፣ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይን የሚያይ ፊት። «አንቺ ስላለሽ ታውቂዋለሽ፤ ምን ያህል ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ «የት ነው የሚውለው?» አልኳት። ጥያቄው ግር አላት። «ግቢ ነዋ! ውሻ ሌላ የት ይውላል?» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ላሰቡ የድሬዳዋ ቤተሰቦች ሁሉ ነው። እኛ ቤት ማር ብለን የምንጠራት ጎልደን ሪትሪቨር ከገባች አራት ዓመት ሊሆን ነው። የመጣችው በጥቅምት ነበር፤ የሁለት ወር ቡችላ ነበረች። እኛም እንደ ባልደረባዬ «ግቢ» ብለን ነበር የጀመርነው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ልናጣት ምንም አልቀረንም።

ይህ የውሻ ዘር ከየት እንደመጣ ማወቅ ግማሹን ነገር ያስረዳል። ሎርድ ትዊድማውዝ የተባሉ ባላባት በስኮትላንድ ተራሮች መካከል በነበራቸው ርስት አንድ ቢጫ አዳኝ ውሻ ለውሃ አደን ከምትውል አንዲት ውሻ ጋር አዳቀሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች የተወለዱት በ1868 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዓላማቸው አዳኝ ተኩሶ የጣለውን ዳክዬ ከበረዶ ከሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ ዋኝቶ የሚያመጣ፣ ሲያመጣም በጥርሱ የማይጎዳ ውሻ ማግኘት ነበር። ለዚህም ነው ጸጉሩ ድርብ የሆነው። ከሥር ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጸጉር አለው፤ ከላይ ደግሞ ውሃ የማያስገባ ረጅም ጸጉር ይሸፍነዋል። ብርድ ልብስ ለብሶ የተወለደ እንስሳ ነው ማለት ይቻላል። ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ የከተማው ሰው ራሱ ሱቁን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጥሎ፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከጥላ አይወጣም። ከተማችን ቀትርን እንዴት መሸሽ እንዳለባት ካወቀች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ውሻውን ግን በዚያ ሰዓት ሰንሰለት ላይ እንተወዋለን።

ማርን ያሰርናት ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነበር። ጠዋት ስንወጣ ጥሩ ጥላ ነበረው። ማናችንም ያላሰብነው ጥላው ከፀሐይዋ ጋር እንደሚዞር ነው። የውሃ ሳህኗን ሰንሰለቱ ገልብጦታል። እናቴ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ደውላ «ውሻዋ አልነሣም አለች» ስትለኝ ከቢሮ በባጃጅ እየበረርኩ ደረስኩ። ምላሷ ከወትሮው ረዝሞ ወደ ጎን ወድቋል። ድዷ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ምራቋ እንደ ሙጫ ወፍሮ ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቋል። በስሟ ስጠራት ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ተሸክመን ወደ ሳሎን አስገባናት፤ ከጀሪካን ውሃ እየቀዳን ሆዷንና የጭኖቿን ውስጥ አራስን፤ ማራገቢያውን አዞርንባት። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ሲለካት የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ነበር። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐኪሙ «ውሃ ባታፈሱባት ኖሮ አልደርስባትም ነበር» አለን።

ውሻ እንደ እኛ በቆዳው አያልብም። ላብ የሚያወጣው በመዳፉ ሥር ባሉት ትንንሽ ንጣፎች ብቻ ነው፤ እሱም ኢምንት ነው። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የሚያስገባው አየር ራሱ ትኩስ ሲሆን ማለክለኩ ጉልበት ከማስጨረስ ሌላ ብዙም አይረዳውም። አንድ ጎረቤታችን በቅንነት «እንደ በግ ሸልቷት» ብለውን ነበር። ሐኪሙ ከለከለን። ያ ጸጉር ፀሐይንም ይከላከላል፤ ከተላጨ ቆዳው ይቃጠላል፣ ተመልሶ ሲበቅልም እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። የሚያስፈልገው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በደንብ ማበጠርና የሞተውን ጸጉር ማውጣት ነው። ከዚያ ወዲህ ማር የምትውለው ሳሎን ውስጥ፣ ንጣፉ ላይ ሆዷን አስጠግታ ነው። የምትወጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩልና ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። አስፋልቱ ላይ የእጄን ጀርባ አስቀምጬ እስከ ሰባት ስቆጥር ካቃጠለኝ አንወጣም።

የምከራከርበት ነጥብ እዚህ ጋ ነው። በእኛ አገር ውሻ የበር ነው። እንግዳ ሲመጣ ከውጭ ሆኖ «ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱ ወጥቶ ይይዛል፤ እንግዳው ይገባል፤ ውሻው ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የምንለውም ውሻ እንጀራውን በጩኸት እንደሚከፍል ስለምናምን ነው። ይህ ልማድ ለሐበሻ ውሻ ሠርቷል እንበል። ጎልደን ሪትሪቨር ግን ለመጮህ አልተራባም። የተራባው ከአዳኙ ጎን ቁጭ ብሎ ትእዛዝ እንዲጠብቅ፣ ከማያውቀው ሰው ጋርም በሰላም እንዲውል ነው። ማር ለቆጣሪ አንባቢም፣ ለማንም መንገደኛም ጅራቷን እየቆላች ነው የምትቀበለው። የምትፈልገው ሰው አጠገብ መሆንን ነው። ብቻዋን ግቢ ውስጥ በዋለችባቸው ወራት አትክልቱን ቆፍራ ጨረሰችው፣ የፊት እግሯን እየላሰች አቆሰለችው። ቤት ከገባች በኋላ ሁለቱንም ተወች። አሁን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ነጠላ ጫማውን አንዱን በአፏ ይዛ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ ጫማው ላይ የጥርስ ምልክት አይገኝም። የአያቶቿ ዳክዬ ማለት ነው።

ስለዚህ ጎልደን ሪትሪቨር የሚገዛ ቤተሰብ ውሻ የት መኖር አለበት የሚለውን አሳቡን አብሮ መለወጥ አለበት። ይህ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በዓልና ሐዘን አብረን ያሳለፍን ሰዎች ናቸው። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር እንዲታጠብ የሚያዝ ሐዲስ አለ። የሚሰግድ ሰው ልብሱን የውሻ ምራቅ ቢነካው ይቸገራል። በእኛም በክርስቲያኖቹ ዘንድ ውሻ ሳሎን ሲገባ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ዘመዶች ሞልተዋል። ማር ቤት ስትገባ ደጃችንን መርገጥ ያቆሙ እናት ነበሩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ «እማማ» እያልኩ ያደግኩባቸው ናቸው። በጣም አዘንኩ። ሄጄ አነጋገርኳቸው። ከዚያ በኋላ አንደኛውን ክፍል ከነምንጣፉ ማር ጨርሶ የማትገባበት አደረግነው፤ የሚጠጡበትም ስኒ ለብቻው ተቀመጠ። አሁን ከመምጣታቸው በፊት ይደውላሉ፣ እኛም ማርን ጓዳ እናስገባለን። ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ከገዛችሁ በኋላ መነጋገር ያጣላል።

ምግብን በተመለከተ ባልደረባዬ የጠየቀችው ተገቢ ነው፤ ግን ከብዛቱ ይልቅ ዓይነቱ ያሳስበኛል። ያደገ ወንድ ጎልደን ከ29 እስከ 34 ኪሎ ይመዝናል፤ መብላት ይወዳል፣ ይወፍራልም። እኛ ቤት የሚተርፈው ደግሞ ወጥ ነው፤ የወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ተቀቅለውም ቢሆን መርዝ ናቸው። ስለዚህ የወጥ ፍትፍት ለማር ክልክል ነው። ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ ጋር እንሠራላታለን፤ ከእርድ የሚወጣ ጥሬ ሳንባና ጉበት ጨርሶ አንሰጣትም። በዚያ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘር ከውሻው አልፎ ሰው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያበቅላል። ልጅ ያለበት ቤት ይህን መርሳት የለበትም።

ክትባቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቡችላው ከእናቱ የሚለየው ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው፤ ሻጩ የአንድ ወር ቡችላ ቢያመጣ አትቀበሉ። ክትባቱ ተደጋግሞ እስኪያልቅ፣ ማለትም አራት ወር አካባቢ እስኪሆነው ድረስ፣ ሌሎች ውሾች የሚመላለሱበት መንገድ ላይ አይወርድም፤ ፓርቮ የሚባለው በሽታ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ማንኛውም ውሻ ልጅ ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የእንስሳት ሐኪም ማግኘት ይከብዳል ለሚሉኝ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ፣ ቅርባችን ነው።

ሐረር ያላችሁ ዘመዶቼ «እኛ ጋ ወይና ደጋ ነው፣ ሙቀቱ አያሰጋም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ግን እናንተ ጋ ሌሊት ጅብ ከበር ውጪ ይዞራል። ጅብ ውሻ ይበላል። እዚያም መልሱ ያው ነው፤ ማታ ውሻው ቤት ውስጥ ያድራል።

ቤት ማስገባት የማትችሉ፣ ግን ልጆቻችሁ ውሻ የሚለምኗችሁ ወላጆችም አላችሁ። ለእናንተ የምመክረው የሐበሻ ውሻ ቡችላ ነው። ጸጉሩ አጭር ነው፣ አገሩን ያውቃል፣ ድርቁንም ቀትሩንም ይችለዋል። ጥላ፣ ውሃና ክትባት ግን ለእሱም ይገባዋል፤ ሰንሰለቱም ይቅርለት። ልጄ ከማር በፊት የመንደሩን አንድ ቡናማ ውሻ ዳቦ እያበላች አላምዳው ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ይሸኛት ነበር። በፍቅሩ ከማር አንሶ አላየሁትም።

ለባልደረባዬ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ጎልደን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ይኖራል፤ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው የሚቀረው ከእሷና ከባለቤቷ ጋር ነው። «ባለቤትሽን ጠይቂው፤ በግንቦት ቀትር መብራት ሲጠፋ ይህ ውሻ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከእሱ እግር ሥር ይተኛል?» አልኳት። ጠየቀችው። «ውሻ እቤት አይገባም» ብሏታል። ቡችላው አልተገዛም፤ እኔም ደግ አደረጋችሁ ብያታለሁ። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ንጋት ላይ እየመጣ ማርን ከእኛ ጋር ሊያንሸራሽር ተስማምተናል።