ቻንደሌሩ ይቆየን

ወገኖቼ፣ ንፉጎች ናችሁ አልልም። ለጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ቻንደሌር ይገዛ ሲባል እጃችን ፈጣን ነው። ለወለሉ ሴራሚክ፣ ለግድግዳው የሚያብረቀርቅ ቀለም ሲባልም እንሽቀዳደማለን። አሸንዳው ተደፍኗል፣ ውሃው ወደ ግንቡ እየገባ ነው ሲባል ግን ሁሉም አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል። አሸንዳ ላይ ስም አይጻፍማ!

ደግሞ የሰጠነው ሁሉ ጠቅሟል ብለን ደረታችንን አንንፋ። ብዙው የድሮ ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። እኛ እናጠንክረው ብለን በሲሚንቶ ስንለስነው እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከውጭ አዲስ ይመስላል፣ ድንጋዩ ግን ከውስጥ ይበላል። የዘይት ቀለምም ያው ነው። ደብዝዟል ብሎ በአሮጌ ሥዕል ላይ ቀለም የደረበውን ሰውማ ምን እንበለው? ለጋስ? እኔ አጥፊ ነው የምለው። አዝናለሁ፣ ገንዘቡን ኪሱ ቢያስቀምጠው ይሻል ነበር።

የፓሪሱን ጥንታዊ ካቴድራል፣ ኖትር ዳምን አስቡት። ከቃጠሎው በፊት ድንጋዩ እየተሸረሸረ ነበር። ለጥገና ገንዘብ ቢለመንም የሚበቃ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ጣሪያው ነደደ። ወዲያው ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቃል ተገባለት። በዲሴምበር 2024 ታድሶ ተከፈተ፣ ደስ ይላል። ግን ለመድኃኒት የነፈግነውን ለቀብር ማውጣት ምን የሚሉት ቸርነት ነው? እኛስ እሳት እስኪነሳ ነው የምንጠብቀው?

ነገሩ የቆየ በሽታ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 ንጉሥ ኢዮአስ በሚገባው ገንዘብ መቅደሱ እንዲጠገን ያዛል። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ቢያይ ስንጥቁ እንዳለ ነው! ያኔ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን በሳውና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። የተገኘው ገንዘብ ለአናጢና ለግንበኛ፣ ለእንጨትና ለድንጋይ ዋለ። የብር ጽዋ እንኳ አልተሠራበትም። ልብ በሉ፣ ጽዋው ራሱ ተራ ጠብቋል። ገንዘቡን የተረከቡት ሰዎች ታማኞች ስለነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም ይላል። (ይህችን እንኳ እኛ ባንሞክራት ይሻላል። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ኦዲት ይደረግ በሉ።)

እንግዲህ ኮሚቴው ሲመጣ "ምን ልግዛላችሁ?" አትበሉ። "ጣሪያው ያፈሳል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የቅርስ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ መሰላል ይዞ ይውጣ፣ የመጀመሪያውም መዋጮ ለእሱ ይከፈል። ከዚያም በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ አሸንዳ ለሚጠርገው ሰው ጥቂት ጥቂት አዋጡ። ስማችን በእብነ በረድ ካልተቀረጸ ብላችሁ የምታኮርፉ ካላችሁ አኩርፉ። የቻንደሌሩን ነገር ጣሪያው ማፍሰሱን ሲያቆም እናወራበታለን።