«ሩም ሁሉ ያው ነው» ላሉት አከፋፋይ

ሰሞኑን እዚህ ፓሪስ አንድ መጠጥ አከፋፋይ ደንበኞቻቸውን ሰብስበው ሩም የተባለውን የሸንኮራ አገዳ አረቄ ሲያቀምሱ «ሩም ሁሉ ያው ነው፤ የስኳር ፋብሪካ ትራፊ ነው። ጠርሙስ ላይ የምርት ዓመት መጻፍ ዋጋ መስቀያ ነው። ትልቅ ቁጥር ያለበትን ግዙ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ታዳሚው አጨበጨበ። እኔን ግን ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

የስኳር ፋብሪካ ትራፊ? በካሪቢያን ባሕር ያለችው የፈረንሳይ ደሴት የማርቲኒክ «አግሪኮል» ሩም፣ ስኳር ተጣርቶ የሚተርፈው ጥቁር ሽሮፕ፣ ሞላሰስ፣ ፈጽሞ አይነካውም። የሚነጠረው ከትኩስ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ነው። ሞላሰስ በመርከብ ተጭኖ ባሕር ይሻገራል፣ ወራት ይቀመጣል፣ ዓመቱን ሙሉ ይጠመቃል። የተቆረጠ አገዳ ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ ቶሎ ካልተጨመቀ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በአዝመራው ወራት ያልቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ደንብ አግሪኮል የሚለውን ቃል ለፈረንሳይ የባሕር ማዶ ግዛቶችና ለፖርቱጋሏ ደሴት ለማዴይራ ብቻ የፈቀደው በከንቱ አይደለም። ማርቲኒክም ከ1996 ጀምሮ ሩሟ እንደ ታላላቆቹ የፈረንሳይ ወይኖች በትውልድ ቦታው ስም በሕግ ተጠብቋል። ይህን ያልለየ ሰው ሩም መሸጥ ይችላል፤ ስለ ሩም ማስተማር ግን አይገባውም።

አሁን ወደ ዓመቱ ልምጣ፤ ያንገበገበኝ እርሱ ነው። ኮኛክ በተባለው የፈረንሳይ የወይን አረቄ ጓዳ ውስጥ በበርሜል ከተቀመጠ መጠጥ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ይተናል። ጓዳ ጠባቂዎች «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። ማርቲኒክ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ስለማይበርድ ይኸው ድርሻ እስከ 8 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በ8 በመቶ አስሉት። 100 ሊትር ሩም ከስድስት ዓመት በኋላ 61 ሊትር ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 43፣ ከሃያ ዓመት በኋላ 19 ብቻ። ኮኛክ ቢሆን ከሃያ ዓመት በኋላም 67 ሊትር ይቀር ነበር። እንግዲህ ስድስት ዓመት የሚለውን የማርቲኒክ ጠርሙስ «ገና ልጅ ነው» የሚል ሰው የሚቆጥረው የቀን መቁጠሪያውን ነው፤ በርሜሉን አላየም።

በዚህ ላይ በርሜሉ ሲጎድል መሞላት አለበት። የተለያየ ዘመን ሩም የሚቀላቅል ሰው ችግር የለበትም፤ ከወጣቱ ይጨምራል፣ ይሞላል፣ ይሸጣል። የአንድ ዓመት ምርት ብሎ የሚጽፈው ግን መሙላት የሚችለው በዚያው ዓመት በተነጠረው ብቻ ነው። አሥር የነበረው በርሜል ስምንት ይሆናል፣ ከዚያ ስድስት። ዓመቱ ራሱን እየበላ ይኖራል። ዝናብ የበዛበት ዓመት ከሆነ ዝናቡ፣ ድርቅ ከሆነ ድርቁ፣ ሌላ ዓመት ሳይሸፍነው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ይህ ነው እንግዲህ «ዋጋ መስቀያ» የተባለው! ዋጋው ውድ መሆኑን አልክድም። ግን ከመቶው ሰማንያ አንዱን ለአየር ከፍሎ አሥራ ዘጠኙን የሚሸጥ ሰው በምን ዋጋ ይሽጥ?

ትልቅ ቁጥር ግዙ ያሉትስ? ስንቱ ጠርሙስ ላይ ቁጥሩ ጎልቶ ተጽፎ «ዓመት» የሚለው ቃል አጠገቡ የለም! ቃሉ ቢኖር ሕጉ ቁጥሩን ከቅልቅሉ ወጣት ሩም ዕድሜ ጋር ያስረው ነበር። ይህን አከፋፋዩ አያውቁም ብዬ አላምንም።

ቅርሱም በዋዛ የመጣ አይደለም። የአገዳው እርሻ በባርነት ላይ የቆመ ነበር፤ እስከ 1848 ድረስ። ያንን ታሪክ የሚያሳምር ቃል የለኝም። ዛሬ የምንጠጣው ሩም ከዚያ በኋላም አገዳ የቆረጡት እጆች ሥራ ነው። በ1902 የማርቲኒኩ እሳተ ገሞራ የፔሌ ተራራ ፈንድቶ የሩም ንግድ መዲና የነበረችውን ሴን ፒየርን ከነሕዝቧ አጠፋት፤ ወደ 30 ሺህ ሰው አለቀ። ቪክቶር ዴፓዝ የተረፈው በፈረንሳይ ተማሪ ስለነበረ ነው። ቤተሰቡን አጥቶ ወደዚያው ተራራ ሥር ተመለሰና በ1917 ማንጠሪያ ተከለ። የማርቲኒኩ ሩም አምራች የባሊ ቤት የ1924 እና የ1929 ምርቶች ደግሞ ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ አሉ። የእነዚያን ዓመታት ዝናብ ያየ ሰው ዛሬ ማን አለ? ጠርሙሱ ግን አለ።

በዚያ ምሽት ከአከፋፋዩ ተወዳጅ ጠርሙስ ጠብታ ወስጄ መዳፌ ላይ አሻሸሁት። ጣቶቼን አጣበቃቸው፤ የቫኒላ ከረሜላ ሸተተኝ። የአውሮፓ ሕግ ለሩም በሊትር እስከ 20 ግራም ማጣፈጫ ይፈቅዳል፤ መዳፌ ያንን ነገረኝ። በሌላኛው እጄ የማርቲኒኩን አሻሸሁ። ወዲያው ተነነ። የቀረው ሽታ ብቻ ነው፦ የብርቱካን ልጣጭ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ ከሥሩ ደግሞ በልጅነታችን በጥርሳችን እየላጥን የመጠጥነው አገዳ። ከአሥር ዓመት በላይ እንጨት ውስጥ ኖሮም አገዳነቱን አልረሳም።

አከፋፋዩ ቀጣዩን ቅምሻ ሲጠሩ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ያቁሙ፤ ከምን እንደተነጠሩ፣ መቼ እንደተነጠሩ፣ ስንት ግራም ስኳር እንዳለባቸው ለደንበኞቻቸው ያንብቡ። እኔም እገኛለሁ።