መጀመሪያ ምሕረቱ ወይስ ሚዛኑ?

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ዓመታዊ በዓል ነው። የአምባሰልን አቀበት የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ኃጢአቱን ይዞ ምሕረት ሊለምን ነው የሚወጣው። ሁለት ምእመናን፣ አንዱ ከደሴ አንዷ ከወልድያ፣ ኃጢአቱን ያወቀ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ይጠበቅበታል በሚለው አልተግባቡም።

ከደሴ፦ ሉቃስ 18 ላይ ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ይወጣሉ። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙን፣ አሥራት ማውጣቱን ይዘረዝራል። ቀራጩ፣ ማለት ግብር ሰብሳቢው፣ ዓይኑን እንኳ ቀና ሳያደርግ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ይላል። ጸድቆ የተመለሰው ቀራጩ ነው። ምን ከፈለ? ምንም። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈው ይህንኑ ነው፤ መዳን በጸጋ ነው፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም። እኛ ግን አቀበቱን በእግሩ የወጣ ሁሉ ሒሳብ የዘጋ ይመስለዋል።

ከወልድያ፦ ጋሼ፣ የቀራጩን ጸሎት እኔም ጠዋት ማታ እለዋለሁ። ግን «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን» ማለት ለምላስ አይከብድም። እንዲያውም ተሰብስበን ስንለው ደስ ይላል፤ ማንም ለብቻው አይነካም። የሚከብደው «ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ በሚዛን አጭበርብሬያለሁ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነጋዴ አለ እንበል። በየዓመቱ ግሸን ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ ይወርዳል። ሚዛኑ ግን ያው ነው። ይህ ሰው ኃጢአቱን አውቋል ልበል? ዘኬዎስም እኮ ቀራጭ ነበር። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ጌታ «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው ከዚህ በኋላ ነው።

ከደሴ፦ እህቴ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ዘለልሽው። ዘኬዎስ ስለ ገንዘብ ትንፍሽ ሳይል፣ ገና ሾላው ላይ እንዳለ፣ ጌታ ቤትህ መዋል አለብኝና ፈጥነህ ውረድ ብሎታል። አራት እጥፉን ያመጣው የገባው እንግዳ ነው። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴስ? አንዲት ሳንቲም አልመለሰም። በላዔ ሰብእንም አትርሺ። 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ተማረ ሲባል ሰምተን ያደግን ነን። ነፍሱ ስትመዘን የእመቤታችን ጥላ ባያርፍበት ኖሮ ያቺ ውሃ ሚዛን ትደፋ ነበር?

ከወልድያ፦ በዘኬዎስ ቅደም ተከተል እስማማለሁ፤ ጸጋው ይቀድማል። በወንበዴው ግን አልለቅም። እጁ ተቸንክሮ በምን ይመልስ? በቀረው አንደበቱ የሚችለውን አደረገ፤ እኛስ የሚገባንን ነው የተቀበልነው ብሎ ጓደኛውን ገሠጸ። የእኛ ነጋዴ እጁ አልተቸነከረም። የበላዔ ሰብእ ታሪክም የሚነገረን ተስፋ ሊሰጠን እንጂ ልብ ልብ ሊሰጠን አይደለም።

ደግሞ በእኛ በወሎ ጎረቤቱን ያስቀየመ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ «አፉ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ፣ ብሎ ደጅ ድረስ ይሄዳል። ለክፉ ቃል ይህን ያህል ካደረግን፣ የተሰረቀው ሰው ሳይጠየቅ ከፈጣሪ ጋር ብቻ ተስማምቶ መውጣት ከየት መጣ? ማቴዎስ 5 ላይ ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል።

ከደሴ፦ ይሁን። ግን ባቲ ገበያ ከደጋም ከአፋርም የሚመጣው ብዙ ነው፤ ማንን ፈልጎ ይመልስ? የንስሐ አባቱ ለድሃ ስጥ ይሉታል፣ ይሰጣል። ደግ። እኔ የምፈራው ማግስቱን ነው። ሚዛኑን አስተካክሎ፣ ምጽዋቱን ሰጥቶ፣ ጎኑ ያለውን ነጋዴ አየት አድርጎ «እንደዚህ ሰውዬ ስላላደረግኸኝ አመሰግንሃለሁ» ያለ ቀን ፈሪሳዊው ሆነ። ከዚያስ ማን ያውጣው?

ከወልድያ፦ ያው ከፊተኛው ያወጣው ጌታ። ለዚያም ንስሐ አለው። እርስዎ የሚፈሩት ግን ገና ያልመጣውን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የፊታችን ሰኞ ገበያ መኖሩ ነው፣ ሚዛኑም አልተነካም።