ካፒቴኑ እኮ ሽንት ቤት አልነበረም
በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለሰመጠችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ፣ ስለ ዩ-1206፣ የወጣው ጽሑፍ «ካፒቴኑ ሽንት ቤት ገብቶ የተሳሳተ ቫልቭ ከፍቶ መርከቧን አሰመጠ» ማለቱ ያስቃል፤ ግን ሰውየው ራሱ ከተናገረው ጋር አይገጥምም። የዩ-1206 አዛዥ ካርል-አዶልፍ ሽሊት እንዳለው፣ በዚያ ሰዓት እሱ ሞተር ክፍል ነበር፤ ዲዝል ሞተሩ ተበላሽቶ እየተጠገነ ነው። የፊተኛውን ሽንት ቤት ሲነካካ የነበረው አንድ መካኒክ ነው፤ የባሕሩ ውሃ የገባውም በዚያ በኩል ነው። ከላይ «ታዲያ ውሃው ቢገባ ምናለበት፣ ቀድተው አያወጡትም?» ላልከው ወንድሜ፦ ጣጣው ውሃው ብቻ አይደለም። ባትሪዎቹ ያሉት ከሥር ነው። የባሕር ውሃ ባትሪ ውስጥ ሲገባ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጥርቅም ብሎ በተዘጋ ብረት ውስጥ 50 ሰው ያንን ሲተነፍስ አስበው! ወደ ላይ መውጣት ግድ ሆነ። ወጡ፤ የጠላት አውሮፕላን አግኝቶ መታቸው። ቦታው ስኮትላንድ፣ ፒተርሄድ አካባቢ፤ ቀኑ ኤፕሪል 14፣ 1945 እ.ኤ.አ.። 4 ሰዎች ሞቱ፣ 46ቱ ተማረኩ። መርከቧንም በመጨረሻ ያሰመጧት ራሳቸው መርከበኞቹ ናቸው። የመጀመሪያ ዘመቻዋ ነበር እኮ፤ ከኖርዌይ ከወጣች ገና ሳምንቷ። ጀርመን እጇን ልትሰጥ ደግሞ አንድ ወር እንኳ አልቀረም ነበር።