ወጥ ቤቱ አዲስ ነው፤ ቤቱስ?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን አካባቢ ቤት የሚፈልግ ሐበሻ በሩን አልፎ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ወጥ ቤቱ ላይ ነው። ነጭ ካቢኔ፣ ኳርትዝ ካውንተር፣ የሚያብረቀርቅ ፍሪጅ። ቀጥሎ ወደ ቤዝመንት ይወረዳል፦ «ይከራያል?» ቤቱ ከዚህ በፊት መቼና በስንት እንደተሸጠ ግን ጠያቂ የለውም።

አይገርምም። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚያውቁት ደላላውና ጎረቤቱ ናቸው። ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋም ከተከፈለው ጋር ላይገናኝ ይችላል። መዝገብ የማየት ልማድ ከየት ይምጣ? ሜሪላንድ ውስጥ ግን መዝገቡ ክፍት ነው። የግዛቱ የንብረት ግምትና ግብር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ስታስገቡ የቅርብ ሽያጮቹ ቀንና ዋጋ ይመጣል። በነጻ። ዚሎውና ሬድፊን የተባሉት የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጾችም ከገጹ ግርጌ ያስቀምጡታል፤ እኛ ፎቶው ላይ እንቀራለን እንጂ።

እንበል፣ በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። አንድ ቤተሰብ ልጅ አሳድጎበታል። ወላጆቹ ሲያልፉ ልጆቹ ለአንድ ድርጅት በርካሽ ሸጡት። ከአምስት ወር በኋላ ያው ቤት መቶ ምናምን ሺህ ዶላር ተጨምሮበት ገበያ ላይ ወጣ። በአምስት ወር ምን ተሠራ? ቀለም ተቀባ፣ ወለሉ ቪኒል ለበሰ፣ ወጥ ቤቱ ተቀየረ። ከግቢው ሥር ያለው የፍሳሽ ቧንቧ ግን ያው የድሮው ሊሆን ይችላል። እሱ ፎቶ አይነሳም።

ፍሊፐር (ቤት ገዝቶ፣ አድሶ ቶሎ የሚሸጥ) ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልልም። ደህና አድርገው የሚሠሩ አሉ። ግን ኤሌክትሪኩ ተቀይሯል ከተባለ ፐርሚቱ (የግንባታ ፈቃዱ) የታለ? እነዚህ ሰፈሮች ያሉበት የሞንጎመሪ ካውንቲ የፐርሚት መዝገብም በኢንተርኔት ይታያል። ቤዝመንት ላይ «አራተኛ መኝታ ቤት» የተባለው ክፍልም እሳት ቢነሳ ሰው ወደ ውጭ የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ከሌለው በሕግ መኝታ ቤት አይደለም። ለማከራየት ደግሞ የካውንቲው ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) በቤዝመንት ኪራይ እሸፍናለሁ ብሎ ላሰላ ሰው ጣጣው ብዙ ነው።

ግብሩም እንደዚያው። ሻጩ ለዓመታት የኖረበት ከሆነ፣ ግምቱ በአንዴ እንዳይንር የሚይዝለት ቅናሽ ሊኖረው ይችላል። ቤቱ ሲሸጥ ቅናሹ አብሮ አይሸጥም። የሻጩን የግብር ወረቀት አይታችሁ ወጪያችሁን ካሰላችሁ፣ አዲሱ ቢል ሲመጣ ትደነግጣላችሁ።

ከዋጋና ከቀን በላይ የሚናገሩ የቆዩ መዝገቦችም አሉ። በሲልቨር ስፕሪንግ አንዳንድ የቆዩ ሰፈሮች የመሬት ውል ላይ፣ ከአገልጋይ በስተቀር ጥቁር ሰው እዚህ እንዳይኖር የሚል አንቀጽ ሰፍሮ ታገኛላችሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓውያኑ 1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን ከለከለ። ዛሬ በዚያው ከተማ ጆርጂያ አቬኑ ላይ እንጀራ እንገዛለን።

ኤጀንታችሁ የአክስታችሁ ልጅ ይሁን የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ፣ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት የሽያጭ ታሪኩንና ፐርሚቱን አብሯችሁ ይይ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። «እሱ አያስፈልግም፣ ቤቱ ያምልጣችሁ?» ካለ ኤጀንት ቀይሩ።