የዞማ ፀጉር ውለታ

ለታዳጊዎች ልብ ወለድ የሚጽፉ ደራሲዎቻችንን የሚያመሰግን ጠፋ እንጂ ውለታቸው ከባድ ነው። ከ80 በላይ ቋንቋ የሚነገርበትን አገር አንድ ቪላ ግቢ ውስጥ አስገብቶ በሩን መቆለፍ ቀላል ሥራ መሰላችሁ?

ጀግናዋን እስቲ እዩልኝ። ስሟ ሳሮን ወይ ሜሮን ነው። ዕድሜዋ 16። ዞማ ፀጉር፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ ብርሌ አንገት፣ አለንጋ ጣት፣ ሎሚ ተረከዝ። ልጅቷ ገና ገጽ 1 ላይ ግማሿ ጠጅ ቤት፣ ግማሿ አትክልት ተራ ሆና ቁጭ! መልኳ ቀይ ዳማ ነው። ጠይም ከሆነች ደግሞ «ጠይም ብትሆንም የምታምር» ትባላለች። «ብትሆንም» እንዴት ያለች ደግ ቃል ናት! ጥቁር የሆነች እንደሆን ግን ጀግናዋ ሳትሆን ጓደኛዋ ናት። ታስቃለች፣ መልእክት ታመላልሳለች፣ ምዕራፍ 9 ላይ ደራሲው ይረሳታል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ100 ኢትዮጵያዊ 84ቱ ገጠር ነበር የሚኖረው። በመጽሐፎቻችን ግን ከገጠር የመጣ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የነሳሮን ቤት ሠራተኛ። ሥራዋ ቃል ማጣመም ነው። «ፍሪጅ»ን «ፍርጂ» ትላለች፣ አንባቢ ይስቃል፣ እሷ ወደ ጓዳ ትመለሳለች። 14 ዓመቷ ነው፤ ግን ታዳጊ አትባልም። ማታ ትማር ይሆናል። የደበቀችው ደብተር ይኖራት ይሆናል። ከሱቅ ስትመለስ የምታየው ልጅ ይኖር ይሆናል። ደራሲው ግን ጨዋ ሰው ነው፤ የሰው ጓዳ አይገባም።

ያው ቆጠራ ከ100 ሰው 34ቱ ሙስሊም ነው ይላል። እሱም አልተረሳም፤ ፋጡማ አለች። በበዓል ቀን ምግብ ይዛ ትገባለች፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ትወጣለች። ተከባብሮ መኖራችን በሁለት መስመር ተጠናቀቀ። እሷ ቤት ማን እንደሚኮርፍ፣ ጾም ይዛ ለፈተና ስታጠና እንዴት እንደምትሆን ምን አገባን?

በዊልቸር የሚሄደው ልጅ ደግሞ ዕድለኛ ነው። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ወይ ይድናል፣ ወይ ሞቶ ሳሮንን የሕይወትን ትርጉም ያስተምራታል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍሉ በምን እንደሚደርስ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው። ወረቀት ደግሞ ተወዷል።

አስቸጋሪዎቹ የድሮ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲታተም፣ ባለታሪኳ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ላገር የምትዞር ልጃገረድ ነበረች። ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ያህል መቅበጥ! ደግነቱ ጦቢያ ቆንጆም ነበረች። እኛ አስተዋዮቹ ዙረቱን ትተን ቁንጅናዋን ብቻ ወረስን።

ፍሬውን ባለፈው እሑድ በዓይኔ አየሁ። 13 ዓመት የሆናት የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ የጻፈችውን ታሪክ አነበበችልኝ። እናቷ እግሮቿ መሀል አስቀምጣ ሹሩባ እየሠራቻት ነው። ፀጉሯ የኛ ቤት ፀጉር ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅቤ እንኳ የማያሸንፈው። ሁለት የማበጠሪያ ጥርስ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ሄለን እንደ ሐር የሚዘናፈለውን ዞማ ፀጉሯን ወደ ኋላ በተን አድርጋ...» ብላ ጀመረች።

«አንገትሽን አታንቀሳቅሺ!» አለች እናቷ።

«ለምን ፀጉሯን እንዳንቺ አላደረግሽውም?» አልኳት።

እንባ ባቀረረ ዓይኗ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴ ጋሼ! ልብ ወለድ እኮ ነው።»