ዶዝ እንዴት አያሳስብም?

ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ ለስትሮክ የሚሰጠው የስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ) ሕክምና ተነሳ። አንድ ተመራማሪ በአይጦች ላይ ስለሚሞክሩት ዶዝ፣ ማለትም ስለሚሰጡት የሕዋስ መጠን፣ ተጠየቁ። ስቴም ሴል እንደ ኪኒን አይደለም፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ የተጎዳውን ቦታ ራሱ ፈልጎ ይሄዳል፤ ስለዚህ መጠኑ ያን ያህል አያሳስብም አሉ። ስሰማ ደሜ ፈላ።

ወዴት ነው ፈልጎ የሚሄደው? በደም ሥር የተሰጠ ሕዋስ መጀመሪያ የሚደርሰው ሳምባ ነው። አብዛኛው እዚያው ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። አንጎል የሚገባው እፍኝ አይሞላም። ሕይወት ያለው መሆኑ ዶዙን ይበልጥ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

በ2001 የታተመውን የአይጦች ጥናት የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስትሮክ እንዲይዛቸው ከተደረጉ ከአንድ ቀን በኋላ አንዳንዶቹ 1 ሚሊዮን፣ ሌሎቹ 3 ሚሊዮን የመቅኔ ሕዋስ ተሰጣቸው። ከፈተናዎቹ አንዱ እግራቸው ላይ የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ አይጧ እስክታነሳው ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል? ጎልቶ የተሻላቸው 3 ሚሊዮን ያገኙት ናቸው። ያው ሕዋስ፣ ያው ቀን። የተለየው መጠኑ ብቻ!

አሁን ሒሳቡን እንስራ። አይጧ ሩብ ኪሎ ገደማ ብትመዝን፣ 3 ሚሊዮን ማለት በኪሎ 12 ሚሊዮን ነው። ለ70 ኪሎ ሰው 840 ሚሊዮን ይመጣል። በክብደት ፋንታ በሰውነት ቆዳ ስፋት ካሰላነው ግን 135 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስድስት እጥፍ ልዩነት! የትኛው ነው ትክክል? በአንድ ዶዝ ብቻ የተሠራ የአይጥ ጥናት ይህን በፍጹም አይመልስም። በ2005 በታተመ የደቡብ ኮሪያ ጥናት ለስትሮክ ታማሚዎች የተሰጣቸው 100 ሚሊዮን ነበር። ትሬዠር በተባለው የጃፓን የስትሮክ ሕክምና ሙከራ ደግሞ 1.2 ቢሊዮን ተሰጠ፤ ዋናው ግብ አልተመታም። የሕዋሱ ዓይነት የተለያየ ነው፣ እሺ። ታዲያ ለእያንዳንዱ ዓይነት ዶዙ ለብቻው መጠናት አልነበረበትም?

ብዙ መስጠትም መፍትሔ አይደለም። በአርተሪ (ደም ወደ አንጎል በሚወስደው ሥር) በኩል ሲበዛ ሕዋሱ ራሱ ሥር ሊደፍን ይችላል፤ ሊታከም የመጣው አንጎል ሌላ ስትሮክ ያገኘዋል።

ቢያንስ ሦስት ዶዝ ይሞከር። ጤነኛ ወጣት አይጥ ላይ ብቻ ሳይሆን ያረጀና የደም ግፊት ያለበትም ላይ። ወጪው ከባድ ነው ይሉኛል። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው ሰው ላይ በግምት ከመሞከር ግን የአይጦቹ ወጪ ይሻላል።